አንድም ግንድ ያልቆረጠው መጋዝ

ከክፍል ነው የወሰዱኝ። ዘጠነኛ ክፍል ገብቼ ስለ ግፊት እያስተማርኩ ነበር። ርእሰ መምህሩ በሩ ላይ ቆሞ "አንድ ጊዜ" አለኝ። ከኋላው የማላውቃቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ። ለተማሪዎቼ የቤት ሥራ ሰጥቼ ወጣሁ፤ ነገ አርመዋለሁ አልኳቸው።

ያስገቡኝ ቤት ድሮ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ከረጢቶቹ ከወጡ ቆይተዋል፤ ሽታው ግን ሲሚንቶው ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። መጀመሪያ ዓይን ያቃጥላል፣ ቀጥሎ ጉሮሮ ይይዛል፣ ከሁለት ቀን በኋላ ሰው ይረሳዋል። መስኮት አልነበረውም። ብርሃን የሚገባው በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል ባለው ክፍተት ነው፤ ጠዋት ጠዋት የጮቄ ተራራ ውርጭም የሚገባው በዚያው ነው። ሰዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ለቀቁልኝ። "ተቀመጥ ልጄ፣ ወለሉ የሚሞቀው ሲቀመጡበት ነው" አሉኝ።

ሥራዬን ካላስረዳሁ የታሰርኩበት ነገር አይገባም። በትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የሞተር መጋዝ እሠራለሁ። መሥራት ስል መጠገን ብቻ አይደለም። መጋዙ ከፋብሪካ ሲወጣ ለየትኛውም አገር እንዲሆን ተደርጎ ነው። የእኛ አገር ደጋ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። ሞተሩ የሚያገኘው አየር ሲያንስ ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ ይታፈናል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ወፍራም ባሕር ዛፍ ውስጥ ሲገባ ቀጥ ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተሩ ላይ ቤንዚኑን እንቀንሳለን። ቀጥሎ የጭስ መውጫውን ቀዳዳ በሞረድ እናሰፋለን፤ ሞተር በደንብ ካልተነፈሰ በደንብ አይስብም። በመጨረሻ ከሲሊንደሩ ሥር ያለውን የማሸጊያ ንጣፍ፣ ጋስኬቱን፣ በስስ እንቀይራለን፤ ሲሊንደሩ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ግፊቱ ይጨምራል። ይኸው ነው። እንዲህ የተሠራ መጋዝ ድምፁ ራሱ ይለያል። ከደብረ ወርቅም ከጉንደ ወይንም እንጨት ቆራጮች መጋዛቸውን በሚኒባስ ጭነው ይመጡ ነበር።

"እንሠራለን" የምለው ብቻዬን ስላልነበርኩ ነው። ጓደኛዬ ከእኔ ጎን ባለው ክፍል ኬሚስትሪ ያስተምራል። ሞረዱን እኔ እይዛለሁ፤ ማለስለሱን እሱ ይሠራዋል። እጁ ከእኔ እጅ የረጋ ነው። የሲሊንደሩን ውስጥ በጣቱ እየዳሰሰ "እዚህ ጋ ገና ነው" ይለኛል፤ እኔ ዳስሼ ምንም አላገኝም፤ ሞተሩ ሲነሳ ግን ትክክል ሆኖ ይገኛል።

በታሰርኩበት ወር ሰዎች ባሕር ዛፍ እየጣሉ መንገድ ዘጉ። መኪና ቆመ። ዛፎቹ የተቆረጡት በሞተር መጋዝ ነበርና ፈጣን መጋዝ የሚሠራው ማን ነው ሲባል እነዚያ ሁለት ሰዎች ወደ እኔ መጡ። ዛፎቹ ደግሞ የእኚያ ቦታ የለቀቁልኝ ሽማግሌ ነበሩ።

"ዛፌን ቆረጡት፣ ግንዱን ጎተቱት" አሉኝ በመጀመሪያው ቀን። "ከማሳው ላይ የቀረሁት እኔ ነበርኩ፤ እኔንም ወሰዱኝ።" እስረኛው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ የሚናገሩት የሆነውን ነበር።

እኔን የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ መንገድ የዘጉትን ዛፎች የቆረጠውን መጋዝ ለማን ሠራህለት? ለብዙ ሰው እንደሠራሁ፣ ማን የት እንደቆረጠበት እንደማላውቅ ነገርኳቸው። እውነት ነው። አንድ መጋዝ ግን አላነሳሁም። እኔና ጓደኛዬ ለራሳችን ከአሮጌ አካልና ከአዲስ ፒስተን የገጣጠምነው ነበር። ከመታሰሬ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው ያለቀው። ድምፁን ለመስማት ያህል አስነስተን አጠፋነው፤ ከዚያ በጆንያ ተጠቅልሎ ጓደኛዬ ቤት አልጋ ሥር ገባ። ይህን ብናገር ቤቱ ይፈተሻል። ሚስቱ ገና አራስ ነበረች። ስለዚህ ዝም አልኩ።

ጓደኛዬ በየቀኑ ምሳ ያመጣልኝ ነበር። በግቢው የሽቦ በር በኩል ያቀብለኛል። ጠባቂው እንጀራውን በእንጨት ወጋ ወጋ አድርጎ ካየ በኋላ ትንሽ እንድናወራ ይተወናል። ጓደኛዬ መጀመሪያ ጤንነቴን፣ ቀጥሎ እንቅልፌን፣ ከዚያ "ዛሬስ ምን ጠየቁህ? ምን አልካቸው?" ይለኝ ነበር። እኔም በቅደም ተከተል እነግረዋለሁ። የዕለቱን ትምህርት መከለስ ልማዴ ነው፤ ለእሱ ስነግረው ራሴም ይጠራልኝ ነበር። አንድ ቀን ፊቱ ገርጥቶ ሲያየኝ "ስላንተ አላነሳሁም፣ አትስጋ" አልኩት። ሽቦውን ጨብጦ ያዘ። አራስ ቤት እንቅልፍ የለም ብዬ አሰብኩ።

በእስር ቤቱ የመጣ ምግብ ሁሉ አንድ ትሪ ላይ ነው የሚገለበጠው። ጠያቂ ያለውም የሌለውም እኩል ይቆርሳል። የሽማግሌው ቤት ሩቅ ስለሆነ ልጃቸው የሚመጣው በገበያ ቀን ብቻ ነው፤ በሌላው ቀን የሚውሉት በእኔ ምሳ ነበር ማለት ይቻላል። አንድ ቀን ሽሮው ጥሩ ሲሆንላቸው "የባለቤትህ እጅ ነው?" አሉኝ። ባለቤት የለኝም፣ ጓደኛዬ ነው የሚያመጣው ብዬ መለስኩ።

"እንዲህ ያለ ጓደኛ ካለህ ታስረሃል አይባልም" አሉ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ተጠራሁ። መርማሪው ካፖርቱን እንደለበሰ ተቀምጧል። ጉንፋን ይዞታል፤ መሐረቡን ከእጁ አይለይም። ጠረጴዛው ላይ መጋዙ አለ። ጆንያው ከሥሩ ተነጥፏል። የእኛ ጆንያ ነው። መጀመሪያ የመጣብኝ አሳብ ቤቱን ፈትሸዋል፣ እሱንም አስረውታል የሚል ነበር።

"ያንተ ሥራ ነው?" አለኝ።

አዎ አልኩ። መካድ አላስፈለገኝም።

ረጋ ብሎ አስረዳኝ። ክፉ ሰው አይመስልም ነበር። አንተ ባለሙያ ነህ፣ ሰው ያመጣልህን ትሠራለህ፣ ይህ ወንጀል አይደለም አለ። ይህን መጋዝ ለሽማግሌው እንደሠራህላቸው ብቻ ተናገር፤ እሳቸው በገዛ መጋዛቸው የገዛ ዛፋቸውን ቆርጠው መንገድ ዘጉ፤ አንተ ዛሬውኑ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ፣ ተማሪዎችህም ይጠብቁሃል አለ። ተማሪዎቼን ሲያነሳ የቤት ሥራው ትዝ አለኝ።

መጋዙን ልፍታው ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ትንሽ አሰበና መፍቻ አስመጣልኝ። ማርሚታውን፣ ማለትም የጭሱን ሳጥን፣ ከሲሊንደሩ ላይ ፈታሁት። ከሥሩ ያሰፋነው ቀዳዳ አለ፤ በቀዳዳው ውስጥ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚመላለሰው ፒስተን ይታያል። ወደ ብርሃኑ አዞርኩለት።

"ይዩት" አልኩ። "አዲስ ፒስተን ጎኑ ላይ ቀጫጭን መስመር አለው፤ በፋብሪካ ሲላጭ የቀረ ነው። ሞተሩ ጥቂት ቀን እንጨት ከቆረጠ በዚህ በጭሱ በኩል ያለው መስመር ተፍቆ ይጠፋል፣ ብረቱ እንደ መስተዋት ይሆናል፣ አናቱም ጥቀርሻ ይይዛል። ይኼ መስመሩ ሙሉ ነው። ይህ መጋዝ አንድም ግንድ ቆርጦ አያውቅም።"

መሐረቡን አፍንጫው ላይ እንደያዘ ጎንበስ ብሎ አየ። ረጅም ጊዜ አየ።

"ታጥቦ ሊሆን ይችላል" አለ።

"መታጠብ ጥቀርሻ ያነሳል። የተፋቀ መስመር ግን አይመልስም።"

ተመልሶ ተቀመጠ። የገባው ይመስለኛል። ስለ ፒስተኑ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀኝም። እንደ መሰልቸት ብሎት፣ ምክር በሚሰጥ ሰው ድምፅ ተናገረ።

"ለምን ትደክማለህ መምህር? መጋዙ የማን ቤት እንደነበረ እንዳልተናገርክ እናውቃለን። 'ስላንተ አላነሳሁም፣ አትስጋ' ብለኸዋል።"

በሽቦው በር የተናገርኩት ነው፤ አንድም ቃል አልጎደለም። ጠባቂው በዚያ ሰዓት ከወዲያኛው ጥግ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። ከእኔ ሌላ ይህን ዓረፍተ ነገር የሚያውቀው አንድ ሰው ነው።

ከዚያ ሁሉም በየቦታው ገባ። ምሳ በመጣ ማግስት የምጠየቀው ጥያቄ ሁልጊዜ ካለፈው ቀን መልሴ ቀጥሎ የሚመጣው ነበር። ስለ ደብረ ወርቁ ደንበኛዬ ለጓደኛዬ ባወራሁ ማግስት ስለ ደብረ ወርቅ ተጠየቅሁ። እኔ የመርማሪውን ብልህነት ሳደንቅ ነበር። ቤቱን ማንም አልፈተሸውም። መጋዙን ከአልጋው ሥር ጎትቶ ያመጣው ራሱ ነው፤ ለሽማግሌው የተሠራ ነው ያለውም ራሱ ነው።

መርማሪው ይጠብቀኝ ነበር። ውጭ እንጨት የሚፈልጥ ሰው ድምፅ ይሰማል።

"ለሽማግሌው አልሠራሁም" አልኩ። "መጋዙም እንጨት አልነካም። ሌላ የምለው የለኝም።"

"እንግዲያው ትቀመጣለህ።"

"እቀመጣለሁ።"

ከመውጣቴ በፊት ማርሚታውን መልሼ ገጠምኩት። ክፍት ከተተወ አቧራ ይገባል። መርማሪው አልከለከለኝም።

ወደ መጋዘኑ ስመለስ ሽማግሌው ፊቴን አይተው ነገር እንዳለ አወቁ። ነገርኳቸው። ምን እንድል እንደተጠየቅሁም፣ ማን እንደነገረብኝም። ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ሳቡ።

"እስከ ዛሬ የበላነው የማን ምሳ ነበር በለኛ" አሉ።

ከእንግዲህ እንዲያመጣ እንደማልፈልግ፣ ግን የሚቀረው የእኔ ምሳ ብቻ እንዳልሆነ፣ እሳቸውም እንደሚጎዱ አስረዳሁ።

"እኔስ ጾም ለምጃለሁ። ጭንቄ አንተ ነህ፤ የደመወዝ ሰው ረኀብ አያውቅም።" ይህን ብለው ፈገግ አሉ። ካየኋቸው ጀምሮ የመጀመሪያቸው ነበር።

በማግስቱ ጓደኛዬ በሰዓቱ መጣ። ሰላም አለኝ፣ ጤንነቴን ጠየቀኝ፣ እንቅልፌን ጠየቀኝ። ምሳ ዕቃውን ተቀበልኩትና ትንሽ እንዲጠብቀኝ ነገርኩት። ገብቼ ምግቡን ትሪው ላይ ገለበጥኩት። ከዚያ ምሳ ዕቃውን አጠብኩት። ይህ በእስር ቤት አይደረግም። ውኃ በጀሪካን ነው የሚመጣው፤ ለአንድ ሰው የሚደርሰው አንድ ጣሳ ነው፤ ለመጠጥም ለፊትም እሱው ነው። የሁሉም ሰው ሳህን ሳይታጠብ ነው ወደ ቤቱ የሚመለሰው። እኔ የዕለቱን ጣሳዬን ጨረስኩበት፤ ክዳኑንም፣ የክዳኑን ጠርዝም አጠብኩ። እስረኞቹ አዩኝ። ሽማግሌው ውኃ እንዳይፈስ ጣሳውን ያዙልኝ።

ወደ በሩ ተመልሼ ሰጠሁት። እርጥቡን ምሳ ዕቃ ተቀብሎ አገላብጦ አየው።

"ዛሬስ ምን ጠየቁህ?" አለኝ። ድምፁ ግን ቀጥኖ ነበር።

"እነግርሃለሁ፤ በደንብ ያዝ። መጋዙ አንድም ግንድ አልቆረጠም። ሽማግሌው መጋዙን ነክተውት አያውቁም። ሁለት ነገር ነው። ድገምልኝ።"

ቀና ብሎ አየኝ። ተማሪ እንዲደግም ስጠይቅ የምጠብቀውን ያህል ጠበቅሁት።

"መጋዙ አንድም ግንድ አልቆረጠም" አለ ወደ መሬት እያየ። ቆመ። "ሽማግሌው ነክተውት አያውቁም።"

"እንደዚሁ አድርገህ ንገራቸው።"

አንድ ሌሊት አሳድረውት እንደነበረ፣ የልጁን ነገር እንዳነሱበት፣ መጋዙን ካልሰጠ እሱ እንደሚገባ ሹክ አለኝ። እኔ ከመታሰሬ በፊት ነው? ብዬ ጠየቅሁት። እርጥቡን ምሳ ዕቃ በእጅጌው ማድረቅ ጀመረ።

"ገባኝ" አልኩት። "ነገ አትምጣ።"

ከዚያ በኋላ ከሌሎች ትሪ ቆርሰን ከረምን። ሽማግሌው ከእኔ ቀድመው ተፈቱ፤ እኔም ቆይቼ ወጣሁ። የታሰርንበትን እንጂ የተፈታንበትን ምክንያት ማንም አላስረዳንም። ጓደኛዬ የደገማት ነገር መርማሪው ዘንድ ትድረስ አትድረስ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አሁን እዚያው ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። እሱም አለ። የክፍሎቻችንን ግድግዳ ጥቅጥቅ አድርገው አልሠሩትምና ሲያስተምር ድምፁ ይሰማኛል፤ ጥሩ መምህር ነው። መምህራን ክፍል ስንገናኝ ሰላም ይለኛል፣ እመልሳለሁ። ልጁ አድጓል፤ አንዳንዴ እጁን ይዞት ሲሄድ አያለሁ። ጓደኛዬ ያን ሌሊት እንደምን እንዳደረ፣ ምን እንዳሉት፣ እኔ ብሆን ምን አደርግ እንደነበር አስቤ አውቃለሁ። ለፍርሃቱ መልስ አለኝ። በየቀኑ ምሳ ይዞ ስለመምጣቱ ግን እስካሁን መልስ አላገኘሁለትም።

መጋዝ መሥራቱን አልተውኩም። ብቻዬን ስለሆንኩ ማለስለሱ ብዙ ጊዜ ይወስድብኛል።

ሰዎች እስር ቤት ምን ወሰደብህ ሲሉኝ ጤናዬ ደኅና ነው እላቸዋለሁ፤ እውነት ነው። የተወሰደብኝ ሌላ ነው። እናቴ ደውላ "ዛሬ እንዴት ዋልክ? ምን ሠራህ?" ስትለኝ፣ እንደ ድሮው ከጠዋት ጀምሬ በቅደም ተከተል ልነግራት አፌን እከፍታለሁ። ከዚያ የምናገረው ነገር በሌላ ሰው አፍ ሲነገር እንዴት እንደሚሰማ አስባለሁ። እሷ በስልኩ ወዲያ ማዶ ትጠብቃለች።

"ደኅና ዋልኩ" እላታለሁ።