ለቦክሰኛው ወንድሜ ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ

ወንድሜ ደክሟል አልደከመም የሚለው ክርክር አገራችንን እስቴን ለሁለት ከፍሎ ከረመ። የከተማው፣ የመካነ ኢየሱስ ወጣቶች «እግሩ ከብዷል፣ አብቅቶለታል» ይላሉ። የእኛ ሰፈር ሰዎች ደግሞ «ስለ ሻምፒዮን እናንተ ምን ታውቃላችሁ!» ብለው ይቆጧቸዋል። እኔ ታላቁ ነኝ፤ ገበሬ ነኝ፤ ከበሬና ከገብስ ሌላ የማውቀው የለም። ስለ ቦክስ ሲጠይቁኝ «ታናሼ ነው፣ የአገሪቱ ሻምፒዮን ነው» እል ነበር። ደረቴን ነፍቼ ነበር የምለው፣ ምን እዋሻለሁ።

ለፋሲካ መጣ። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሞልቶታል። ማክሰኞ ዕለት ግቢ ውስጥ እንደ ልጅነታችን ልንላፋ ተነሣን። እሱ በጣቶቹ ጫፍ ይሽከረከራል፤ እኔ በጎማ ጫማዬ እንገዳገዳለሁ። ድንገት መዳፌን ብሰነዝር ጉንጩን አገኘሁት። ሳቅን። ደገምሁት፣ አሁንም አገኘሁት። በሦስተኛው እኔ መሳቄን ተውሁ። በቀኙ በኩል ስመጣ ገና ሳልደርስ ይመልሰኛል፤ በግራው ስመጣ ግን መዳፌ ካረፈ በኋላ ነው ዓይኑ የሚዞረው። ከበሬ በቀር ከማንም ታግዬ የማላውቅ ሰውዬ የአገር ሻምፒዮን በጥፊ መታሁ እኮ!

«አውቄ ነው የተውሁልህ ጋሼ፣ እንዳይከፋህ ብዬ» አለኝ።

ከአንድ ወር በኋላ ከሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ጋር ሊገጥም ቀን ተቆርጦለታል። «ተው ወንድሜ፣ ይብቃህ፣ ያ ልጅ ይገድልሃል» አልሁት። «ይችን ብቻ» አለ። ለመንሁት፣ ተቆጣሁት፣ አኮረፍሁት። ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ ግን የእናቴን ልጅ እንዴት አድርጌ ለመከራ ልስጠው? ሽማግሌ ላክሁበት።

የነፍስ አባታችንና ሁለት ሽማግሌዎች ዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ሊመጡ ቃል ገቡልኝ። በእኛ አገር ለልመና የመጣ ሽማግሌ «እሺ» ሳይባል አይቀመጥም፣ እህል ውሃም አይቀምስም። ቆሞ ነው የሚለምነው። የሽማግሌ ጉልበቱ እሱ ነው፤ ማን ደፍሮ ሽበት አቁሞ ያውላል?

ያን ጉልበት የሰበርሁት እኔው ነኝ። የነፍስ አባታችን ዳገቱን ወጥተው ሲያለከልኩ ባይ አንጀቴ አልችል አለ። አጎዛ አነጠፍሁና «አረፍ ይበሉ አባታችን» አልሁ። እሳቸው ሲቀመጡ ሁለቱም ተቀመጡ። እናቴ ደግሞ የመጡበትን እያወቀች «በትንሣኤ ሰው ቤቴ ጦሙን አይውልም» ብላ የበጉን ወጥ አቀረበች። ወንድሜ እንደ ጨዋ ልጅ ቆሞ ጠላውን በሁለት እጁ ይቀዳል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አጥንቱን እየጋጠ፣

«ለመሆኑ ያን ኬንያዊ እንዴት አድርገህ ነው የዘረርኸው?» አይለው መሰላችሁ!

ወንድሜ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጦ አሳያቸው። በግራ አታለለ፣ በቀኝ አሳረፈ። ሽማግሌዎቹ «ወንድ!» አሉ። እኔ ከበሩ ሥር ዓይኔን ብጠቅስ፣ ባስል፣ ጉሮሮዬን ብጠራርግ፣ የሚያየኝ ጠፋ። በመጨረሻ ተነሡ። አሁን ሊናገሩ ነው ብዬ ተስፋ አደረግሁ። የነፍስ አባታችን መስቀላቸውን አወጡ።

«ክንድህን ያበርታልህ፤ ጠላትህን ከእግርህ በታች ያድርግልህ!»

እናቴ አሜን አለች። ሻምፒዮኑን ሊያይ ደጅ የተሰበሰበው ጎረቤት አሜን አለ። ምርቃት ሰምቶ ዝም አይባልምና፣ ምላሴን በቆረጠው፣ እኔም አሜን አልሁ።

እየሮጥሁ ደጅ ደረስሁባቸው። «ምነው አባታችን? የመጡበት ነገርስ?»

«ልጄ፣ እህሉን በልቼ አፌን ሳልጠርግ ልጁን ደክመሃል ልበለው?» አሉኝ። ቀጥለውም «ደግሞስ አላየኸውም? ምኑ ደክሟል!» አሉ።

በማግሥቱ «ከአባቶች ምርቃት በላይ ምን እፈልጋለሁ?» ብሎኝ ሄደ።

የግጥሚያው ቀን እሑድ ነበር። በዚያ ሳምንት መንገዱ ስለተዘጋ መሄድ አልቻልሁም፤ ኢንተርኔትም ስለሌለ ማየት አልቻልሁም። የሚሠራው ጥሪ ብቻ ነው። ከምሳ ጀምሮ ደጅ ተቀምጬ ስልኬን ይዤ ዋልሁ። አንዴ ተነሥቼ እቆማለሁ፣ አንዴ እቀመጣለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጠራ።

«ጋሼ! አሸነፍሁ! በነጥብ አሸነፍሁ!»

እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። ወንድሜ በሦስተኛው ዙር እንደ ወደቀ፣ ሰው ሁሉ አለቀለት ሲል እንዴት እንደ ተነሣ፣ ዳኛው እጁን እንዴት ከፍ እንዳደረገለት እየሳቀ ነገረኝ። «እንኳን ደስ አለህ» አልሁት፤ እንባዬ መጣ። ስልኩ ሲዘጋ ራሴን ሰደብሁ። ሟርተኛ! በገዛ ወንድምህ ላይ ክፉ የምታወራ!

እልልታውን የሰማው ጎረቤት ገና ተሰብስቦ ሳያበቃ ስልኩ እንደገና ጠራ። እናቴን ሊያናግር ነው ብዬ አነሣሁት።

«ጋሼ! አሸነፍሁ! በነጥብ አሸነፍሁ!»

የሚቀልድ መስሎኝ ጠበቅሁት። አልቀለደም። በሦስተኛው ዙር መውደቁን፣ መነሣቱን፣ የዳኛውን እጅ፣ ሁሉንም በዚያው ቃል፣ በዚያው ሳቅ ሊነግረኝ ጀመረ። መሬት ተቀመጥሁ። እናቴ እጇን ዘርግታ «ልጄን አገናኘኝ እንጂ!» ትለኛለች።

«ጋሼ፣ አትሰማኝም እንዴ? ደስ አላለህም?»

«እሰማሃለሁ» አልሁት። «እንኳን ደስ አለህ። እስቲ ንገረኝ፣ እንዴት ነበር?»