«በቅርብ ቀን» የተባለው ክራር

የልብስ ሳሙና ካርቶን ሲከፈት የሚወጣው ሽታ ሌላውን ሰው የታጠበ አንሶላ ያስታውሰው ይሆናል። እኔን የሚያስታውሰኝ ሰው መጠርጠርን ነው። ባለፈው ሳምንት ከቤቴ በታች ወዳለው ሱቅ ገብቼ፣ ሻጩ አዲስ ካርቶን በቢላ ሲቀድ ያ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና የመጣሁበትን ረስቼ ቆምኩ። ሻጩ ሁለት ጊዜ ምን ልስጥሽ አለኝ። ምን እንደምፈልግ እኔም አላወቅኩም።

ልንገራችሁ። ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ሽሮ ሜዳ ከአባቴ ጋር እንኖር ነበር። እናቴ ልጅ ሳለሁ ስላረፈች ቤታችን ውስጥ የነበርነው ሁለት ሰውና አንድ ክራር ነን። አባቴ ሸማኔ ነው። እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አድርጎ መወርወሪያውን ሲያመላልስ ይውልና ወገቡን ሲያመው ክራሩን ከግድግዳ ያወርዳል። መድረክ ላይ ወጥቶ አያውቅም፤ ግን ሠፈሩ ውስጥ ልጅ የሚድር ሰው መጀመሪያ ነጠላ ያዘዋል፣ ከዚያ ክራሩንም ይዘህ ና ይለዋል።

ክራሩን ባነሳ ቁጥር አንድ ነገር ያደርጋል። ጉሮሮውን ይጠርግና አፉን ሳይከፍት ትንሽ ያንጎራጉራል። ከዚያ ስድስቱን አውታሮች አንድ በአንድ እያጠበቀና እያላላ ወደዚያ ድምፅ ያመጣቸዋል። ድምፁ ጠዋት ጎርነን ካለ ክራሩም ጎርነን ይላል። ለምን ትላንት በቃኘኸው አትጫወትም ብዬ ጠይቄው አላውቅም፤ ክራር እንዲህ ነው ብዬ ነው ያደግኩት።

እኔ የኪቦርድ ሰው ነበርኩ። የሠርግ ባንድ ውስጥ እጫወት ነበር። ኪቦርዴ ውስጥ ፒያኖ አለ፣ ቫዮሊን አለ፣ ስሙን የማላውቀው የሩቅ አገር ከበሮ ሁሉ አለ። ክራር ብለው የጫኑበት ድምፅ ግን ቆርቆሮ በሽቦ እንደመፋቅ ነው። ሙሽሮች ሲጨፍሩ አያስተውሉትም፤ እኔ ግን በነካሁት ቁጥር አባቴ የሰማኝ እየመሰለኝ እሳቀቅ ነበር።

ከቤታችን ፊት ለፊት የአንድ የወሎ ሰው ሱቅ ነበር። የባለሱቁ ልጅ አብሮ አደጌ ነው፤ ኮምፒውተር ተምሮ ጨርሶ ቤት ተቀምጧል። አንድ ቀን መጥቶ የክራር ሶፍትዌር ልሠራ ነው አለን። ኪቦርድ ላይ የሚሰካ፣ አራቱም ቅኝቶች ያሉበት፣ እውነተኛ ክራር። የሚቀዳውም የአባቴ ክራር ነው። አባቴ ሳቀና ሸማ መሥራትም አስተምርልኝ እንግዲህ አለው። ግን ደስ ብሎት ነበር፤ በዚያ ሳምንት አውታሮቹን በሙሉ አዲስ አደረጋቸው።

ቀረጻው ማክሰኞ ማክሰኞ ሆነ። ምክንያቱም ሰኞ ለሱቁ ዕቃ ይገባል፤ ማክሰኞ መጋዘኑ እስከ ጣሪያው በስኳርና በዱቄት ጆንያ፣ በሳሙና ካርቶን ይሞላል፤ የሞላ መጋዘን ድምፅ አያስተጋባም። በሩ ላይ አባቴ የሸመነውን ወፍራም ጋቢ ይሰቅሉበታል። አባቴ በዘይት ጀሪካን ላይ ተቀምጦ አንዱን አውታር ደጋግሞ ይመታል፤ በጥፍር፣ በጣት ጫፍ፣ ቀስ አድርጎ፣ ጠንከር አድርጎ። ለአንዱ አመታት አንድ ማክሰኞ አይበቃም። የባለሱቁ ልጅ በስልክ ቻናል ከፍቶ የክራሩን ፎቶ ለጠፈ፤ ከሥሩም «በቅርብ ቀን» ብሎ ጻፈ።

ከፋሲካ በኋላ ይወጣል ተባለ። ፋሲካ አለፈ። ክረምት ሳይገባ አለ፤ ክረምቱ ገብቶ ጎርፉ በቦዩ ወረደ። ስጠይቀው «ወላሂ ትንሽ ነው የቀረው» ይለኛል፤ ይህን ሲል ግን አያየኝም፣ ሚዛኑን ነው የሚያየው። ስገባ ላፕቶፑን ይከድናል። እዚህ ላይ ስለ ራሴ እውነቱን መናገር አለብኝ፦ እኔ ዱሮም ተጠራጣሪ ነኝ። መልስ ሲሰጡኝ ሁለት ጊዜ የምቆጥር፣ ሐኪም ሲስቅልኝ የምደነግጥ ሰው ነኝ። ያኔ ግን ለጥርጣሬዬ በየሳምንቱ ቀለብ ይሰፈርለት ነበር።

አንድ ቀን የማላውቀው ሰው መስታወቷ የጠቆረ መኪና ሱቁ በር ላይ አቁሞ ከባለሱቁ ልጅ ጋር ረጅም ሰዓት ሲያወራ አየሁ። ሸጠው አልኩ በልቤ። ሌላ ቀን ከስድስት ኪሎ ታክሲ ተሳፍሬ ስመለስ ሾፌሩ አዲስ ዘፈን ከፈተ፤ ውስጡ ክራር አለ። የአባቴ ጥፍር ነው አልኩ። ዘፈኑን ለመጨረስ ሠፈሬን አልፌ ሄድኩ፤ ረዳቱ «እህት፣ መጨረሻ ነው» እስኪለኝ ድረስ። በዝናብ በእግሬ ስመለስ፣ ሌላ ሰው የአባቴን ጣት ይዞ እንጀራ እየበላበት ነው እያልኩ እበግን ነበር። አሁን ሳስበው ያ ክራር የአባቴን አይመስልም። ያኔ ግን መስማት የፈለግኩትን ነበር የምሰማው።

ይባስ ብሎ አባቴም ተደባለቀበት። ረቡዕና አርብ ጠዋት እንጦጦ ጠበል እሄዳለሁ ማለት ጀመረ። አንድ አርብ ለባንዱ ገመድ ልገዛ አዲሱ ገበያ ሄጄ፣ ከሚኒባስ ሁለት ሰዎች ሲወርዱ አየሁ። አባቴና የባለሱቁ ልጅ ናቸው። እንጦጦ ወዲያ፣ እነሱ ወዲህ። ልጁ የአባቴን ክንድ ይዞታል፤ አባቴ አንድ የታጠፈ ወረቀት ኮቱ ውስጥ እየከተተ ነው። አስፈርሞታል አልኩ። ማንበብ የማይወድ ሽማግሌ ይዞ ከጠበቃ ቤት ለጠበቃ ቤት እያዞረው ነው። እንዳያዩኝ ከቲማቲም ሻጮቹ ጀርባ ተደበቅኩ። ቤት ስገባ ጠበሉ እንዴት ነበር ብዬ አባቴን ጠየቅኩት፤ ሰው በዝቶ ነበር አለኝ። አባቴ እያወቅኩ ሲዋሸኝ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ ሱቁ ገባሁ። ስኳር የምታስመዝን ሴት ነበረች፣ ሽማግሌው ባለሱቅ ራሳቸው ነበሩ። ቀስ ብዬ ልናገር ብዬ ነበር የገባሁት፤ ድምፄ ግን አልታዘዘኝም።

«የአባቴን ክራር ለማን ነው የሸጥከው?»

ሴትየዋ ፌስታሏን እንደያዘች ቀረች። ሽማግሌው ልጃቸውን አዩት። ልጁ የመጋዘኑን ጋቢ ገለጠና እንድገባ በእጁ አመለከተኝ። ቅዳሜ ስለነበር ጆንያዎቹ ጎድለዋል፤ የሳሙናው ሽታ ግን እንዳለ ነው። ላፕቶፑን ከፈተ።

«ይሄ የመጀመሪያው ማክሰኞ ነው» ብሎ አንድ ድምፅ አሰማኝ። ወፍራሙ አውታር ነው፤ አውቀዋለሁ። «ይሄ ሁለተኛው።» ያው አውታር። «ሦስተኛው።» ያው አውታር፣ ያው ጣት። ጆሮዬ ለዚህ ለዚህ አይታማም፤ አምስተኛው ላይ ስንደርስ እንዲያቆም ነገርኩት። አውታሩ ከማክሰኞ ማክሰኞ እየወረደ ነው። ዘሎ አይደለም፤ ደረጃ እንደሚወርድ ሽማግሌ፣ ቀስ እያለ።

ማይክራፎኑ ነው ብሎ ሌላ መዋሱን ነገረኝ። ቀጥሎ ፕሮግራሙ ነው ብሎ ከሥር ጀምሮ እንደገና ጽፎታል፤ ስህተት አላገኘበትም። በማሽን ላስተካክለው ሲል ደግሞ የአባቴ ክራር መሆኑ ይቀራል።

«አባዬ እኮ ክራሩን በድምፁ ነው የሚቃኘው» አልኩት፤ ሞኝነቱን ልነግረው ፈልጌ። ዓረፍተ ነገሩን ሳልጨርስ ግን የተናገርኩት ነገር ለራሴ ገባኝ።

«ቆይቶ ነው የገባኝ» አለ። «አውታሩ ሁሌ አንድ ዓይነት መሆን እንዳለበት ለእሳቸው አልነገርኳቸውም። እኔም ክራር በየቀኑ እንደ አዲስ እንደሚቃኝ አላውቅም ነበር። ጋሼ፣ ለምንድነው የሚወርደው ብዬ ስጠይቃቸው ጉሮሯቸውን አሳዩኝ።»

ወረቀቱ የሆስፒታል ቀጠሮ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ሲያመላልሰው የነበረው እሱ ነው። አባቴ ለልጄ አትንገር ብሎ አስምሎታል።

«ሲሻለኝ ሁሉንም በአንድ ቀን እንደግመዋለን፣ እስከዛ እንዳትለቀው ነው ያሉኝ» አለኝ። «እኔ ምን ልበል? በቅርብ ቀን እያልኩ እጽፋለሁ።»

የስኳር ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ምን እንደተሰማኝ ላሳምርላችሁ አልፈልግም። ማፈሩ በኋላ ነው የመጣው። መጀመሪያ ያደረግኩት ፊቱን መመርመር ነው፤ የሚዋሽበትን ምልክት ፍለጋ። ይዋሽ ብዬ ተመኘሁ። ሌባ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ቤት ስገባ አባቴ ሥራው ላይ ነበር። አየኝና መወርወሪያውን አቆመ። ነገረሽ ወይ አለኝ፤ ድምፁ የሻከረ ሹክሹክታ ነበር። ለወራት ጉንፋን እያልኩ ያለፍኩት ሹክሹክታ። በየታክሲው የሌላ ሰው ክራር ውስጥ እሱን ስፈልግ፣ በገዛ ቤቴ ድምፁ ሲያልቅ አልሰማሁም። እሱ አልነገረኝም፣ ክራርህ ነው የነገረኝ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ና ብለሽ ጥሪው፣ አይጠብቀኝ፣ ይልቀቀው አለኝ። አይሻልህም እንዴ ልለው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። 

የባለሱቁን ልጅ ጠርቼ መልእክቱን አደረስኩ። ይቅርታ አልጠየቅኩትም። እንዴት እንደሚጀመር ስላላወቅኩ ዛሬ ነገ ስል፣ እሱም ሥራ አግኝቶ ከሠፈር ወጣ። አሁን መንገድ ላይ ብንገናኝ ሰላም እንባባላለን፤ ስለ ልጆች እንጠያየቃለን፣ በቃ።

ሶፍትዌሩ በጥቅምት ወጣ። ቻናሉ ላይ ከመለጠፉ በፊት መጀመሪያ ለእኛ ይዞልን መጣ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ በመስኮቱ የገባው ፀሐይ ድሩ ላይ አርፎ ነጩ ክር ዓይን ይወጋል። ኪቦርዴን ከአባቴ አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀምጬ ሰካሁ። ልጁ ምንም አላስተካከለውም፤ ማክሰኞዎቹን እንዳሉ ለያይቶ አስቀምጧቸዋል። ከመጀመሪያው ጀመርኩ። አባቴ ክራሩን ሲሰማ ፈገግ አለ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፣ አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም።

በጣቱ ወደ መሬት አመለከተኝ። ወደ ሁለተኛው ማክሰኞ ወረድኩ። አሁንም በጣቱ። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ የመጨረሻው። አሁንም ወደ ታች። ከዚያ በኋላ ማክሰኞ የለም፤ ክራር እዚያ አይደርስም፣ አውታሩ ላልቶ ይንጠለጠላል። በማሽኑ ዝቅ አደረግኩት። ድምፁ ክራርነቱ እየቀረ መጎርነን ጀመረ፤ ልጁ በሩ ላይ ቆሞ ፊቱን አዞረ። አባቴ ግን እጁን አነሳ።

«እዚህ ጋ» አለ። «እዚህ ጋ ይሻላል።»

ዘፈነ። ሁለት ስንኝ፣ ከሦስተኛው ግማሹን። ከዚያ ሳለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

በሳምንቱ እዚያም ላይ አልደረሰም። ትንሽ ዝቅ አደረግኩለት። በሌላው ሳምንት ደግሞ ትንሽ። ከልደት በፊት አንድ ቀን በጣቱ ወደ መሬት አመለከተኝ፤ እኔም ቁልፉን ተጫንኩ፤ ማሽኑ ከዚያ በታች አልነበረውም። አባቴ አልገባውም ነበር፤ ጣቱን እንደቀሰረ ጠበቀኝ።