የተቀጥላው ሰብሳቢ

ደክሞኛል። ይህን ስጽፍ እንኳ ጣቶቼ በሙጫ ተለውሰዋል፤ ጠረጴዛዬ ላይ የደረቀ ቅጠል ተቆልሏል፤ ጡረታዬም ደርሷል። ሃያ ዓመት ሙሉ ደሴ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ይዤ አገር በቀል ዕፅዋትን ሳደርቅ፣ ወረቀት ላይ ስለጥፍ፣ ወገን ከወገኑ ስለይ ኖርኩ። ከሁሉም ያደከመኝ ተቀጥላ ነው። እንደ ሌላው ተክል መሬት ላይ አይበቅልም፤ የሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ በቅሎ ከዚያው ዛፍ ይመገባል። ስለዚህ የፈለገው ሰው ዛፍ መውጣት አለበት። እኔን ደግሞ ከፍታ ያዞረኛል።

የሚወጡልኝ ኮምቦልቻ ዳር የሚኖሩ አንድ ገበሬ ነበሩ። እኔ "አያ" እላቸዋለሁ፣ እሳቸው "እታለም" ይሉኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደሴ ቧንቧ ውሃ ከሚባለው ሰፈር ተነስቼ በሚኒባስ ቁልቁል እወርዳለሁ። እኔ በሙቀቱ ሹራቤን ሳወልቅ እሳቸው ማጭዳቸውን ወገባቸው ላይ ሻጥ አድርገው ዛፉ ላይ ናቸው።

ክርክራችን አያልቅም ነበር። ለእሳቸው የወይራ ተቀጥላና የብሳና ተቀጥላ ለየቅል ናቸው፤ መድኃኒትነታቸውም አይገናኝም። ለእኔ ግን ዋናው አበባው ነው።

"አያ፣ ይዩት እስቲ! ሁለቱም ቀይ፣ ሁለቱም ቀጭን፣ ጫፋቸው እንደ ክብሪት ራስ ያበጠ። አንድ ናቸው።"

"ወላሂ አንድ አይደሉም! አንቺ አበባ አበባውን ታያለሽ፣ እናቱንስ?"

እናቱ የሚሉት የተሸከመውን ዛፍ ነው። ተቀጥላውን ለብቻው ቆርጠው አያውቁም፤ ሁልጊዜ ከነእናቱ ቅርንጫፍ ቁራጭ ነው የሚያወርዱልኝ። ያ ወፍራም እንጨት ቅጠሉን ከምጫንበት ጣውላ መሃል አልገባ እያለ ቆሽቴን ያሳርረው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከወይራ ላይ ወደቁ። እየሮጥኩ ስደርስ በጀርባቸው ተዘርረዋል፤ ቅርንጫፏን ግን ሽቅብ እንደያዟት ናቸው። "አበባው አልረገፈም?" አሉኝ። ኧረ በስማም! ወገባቸው ይሁን አበባው የሚያሳስበው? ከዚያ ቀን ወዲህ ያነክሳሉ።

ስደግፋቸው ነው የጠየቁኝ። "እታለም፣ እዚያ ወረቀት ላይ ስሜ አለ አይደል?" ማንበብ አይችሉም። አፌን ሞልቼ "እንዴታ፣ አያ!" አልኳቸው።

አልነበረም። በየተክሉ ሥር በሚለጠፈው መለያ ወረቀት ላይ የተክሉ ስም፣ የተሸከመው ዛፍ፣ ቦታውና ቀኑ ይጻፋል፤ ከታች "ሰብሳቢ" የሚል መስመር አለ። እዚያ መስመር ላይ ያለው የእኔ ስም ነው። ክፋት አስቤ አልነበረም። እጄ የለመደውን ይጽፋል፣ እኔም አንዴ ከጻፍኩት በኋላ ማስተካከል ታከተኝ። አሁን ይህን ሰበብ ስደረድር በራሴ አፍራለሁ።

ባለፈው ሳምንት ልጃቸው ቢሮዬ መጣች። ሰኞ ገበያ ጨርቅ ትነግዳለች። "የአባዬ ዓይን እየደከመ ነው" አለችኝ። "ሰፈርተኛው 'እንደ ዝንጀሮ ዛፍ ለዛፍ ሲንጠላጠሉ አረጁ' እያለ ሲያሾፍባቸው፣ 'ስሜ ደሴ ተጽፎ ተቀምጧል' እያሉ ነው የኖሩት። አሁን 'ፎቶ አንስተሽ አምጪልኝ፣ ዓይኔ ሳይጠፋ እኔም ልየው፣ የሰፈሩ ጀማም ይየው' ብለውኛል።"

ምን ልበላት? የለጠፍኳቸው ተክሎች ያሉበትን ቁምሳጥን ከፈትኩላት። አንዱን ገለጠች፣ ሌላውን ገለጠች። ጣቷ "ሰብሳቢ" የሚለው ላይ ሲደርስ ይቆማል። አምስተኛው ላይ ቀና አለች።

"ሁሉም እርስዎ ነዎት?"

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! "ዋሽቻቸዋለሁ" አልኳት። ብትጮህብኝ በተሻለኝ። ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

"ቆይ፣ አትሂጂ" አልኳት። ሥራችን ደንብ አለው፦ የቀድሞ መለያ አይፋቅም፣ አይቀደድም። ስህተት ከተገኘ ማረሚያ ወረቀት ከጎኑ ይለጠፋል፤ ስህተቱም እርማቱም አብረው ይኖራሉ። ውሸቴም ይታይ፣ ምን ላድርግ። ያቺን አያ የወደቁባትን የወይራ ተቀጥላ አወጣሁ፤ በትንሽ ወረቀት ላይ "ሰብሳቢ" አልኩና ስማቸውን ጻፍኩ። ደንቡ ግን ስም ከነአባት ይፈልጋል። ብዕሬ እዚያ ላይ ቆመ።

የዚያን ተቀጥላ ስም፣ ወገኑን፣ የእናቱን ዛፍ ሳይቀር ከእንቅልፌ ቀስቅሰው ቢጠይቁኝ እመልሳለሁ። የሰውየውን አባት ስም ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

"የአያትሽ ስም ማን ነው?" አልኳት።

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ ነገረችኝ፣ ጻፍኩት፣ ለጠፍኩት። ስልኳን አውጥታ ከላይ ከታች አድርጋ ፎቶ አነሳችው። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች።

"መዋሸትዎን እነግራቸዋለሁ" አለችኝ። "የአያቴን ስም ገና ዛሬ መጠየቅዎን ግን አልነግራቸውም።"