የእማማ ሸምሲያ ፌስታል

እማማ ሸምሲያ የሚጣል ነገር የሌላቸው ሴት ናቸው። ወሎ ገጠር ባደጉበት ቤት ቆሻሻ ከግቢ አይወጣም ነበር፤ አመዱ ለጓሮው ጎመን፣ ልጣጩ ለላሟ፣ ያረጀው ቀሚስ ለመወልወያ። አዲስ አበባ፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ዕድሜያቸውን የፈጁበት ግቢም እንደዚያው ነበር፤ የተረፈውን የጎረቤት በግ ይበላዋል፣ ጠርሙሱንና ቆርቆሮውን ቆራሌው ይወስደዋል። ግቢው ሲፈርስ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ደረሳቸው። ባላቸው ሁመድ ቤቱን ሳያዩት ሞቱ፤ ልጅ አልወለዱም። "ጎረቤት አለ" ብለው ብቻቸውን ገቡ።

ጎረቤት አለ አሉ! እንዲህ የሚለው ኮንዶሚኒየምን የማያውቅ ሰው ነው። ሰዉ ጠዋት የብረት በሩን ቆልፎ ወደ ሜክሲኮ አደባባይ ይሮጣል፣ ማታ ገብቶ መልሶ ይቆልፋል። አዲስ ቤት ለገባ ሰው ጎረቤት ብቅ ብሎ "ቤት ለእምቦሳ" ማለት ወጉ ነው፤ ባለቤቱም "እምቦሳ እሰሩ" ይላል። እማማ ሸምሲያ መልሱን አዘጋጅተው ቢጠብቁ የሚላቸው ጠፋ።

መጨረሻ ላይ ይህን ያለቻቸው ጎረቤት አይደለችም፤ ቆሻሻ ሰብሳቢዋ ትርንጎ ናት። ማክሰኞና ቅዳሜ ማዳበሪያዋን ተሸክማ በየበሩ የተቀመጠውን ፌስታል እየለቀመች ትወጣለች። አንድ ቀን በራቸውን ከፍተው ቆመው አየቻቸውና፣ "ቤት ለእምቦሳ፣ እማማ! አዲስ ገቡ እንዴ?" አለቻቸው። ከገቡ መንፈቅ አልፏቸው ነበር። "እምቦሳ እሰሪ" ሲሉ እንባቸው መጣ።

ትርንጎ ግን ሥራ አለባት፤ ፌስታል የሌለበት በር ላይ አትቆምም። እማማ ደግሞ የሚጣል የላቸውም። ስለዚህ ቆሻሻ መፍጠር ጀመሩ! ለማይበሉት ወጥ ሽንኩርት ላጡ፤ ደረጃ ላይ የወደቀ ወረቀት ለቀሙ። ጎረቤት ይህን አይቶ "ጽዱ ሴትዮ" እያለ አመሰገናቸው። ትርንጎ ፌስታል እንደማይጠፋቸው ካወቀች ወዲህም፣ ፌስታሉን እንደ ሌላው ሰው ውጭ አያስቀምጡትም፤ እንድታንኳኳ ብለው ውስጥ ያቆዩታል።

"እንዴት አደሩ እማማ? ጉልበትዎን ተሻለዎት?"

"አልሐምዱሊላህ። ውሃ ልስጥሽ?"

በቃ፣ ይቺው ናት። ሳምንቱ የሚያልፈው በዚህች ነው።

ክረምቱ ሲገባ የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ነጋ ስብሰባ ጠሩ። ታች ትልቅ ገንዳ ተቀምጧል፤ ከእንግዲህ ሁሉም ቆሻሻውን ራሱ ያወርዳል፤ ሰብሳቢዎቹ ደረጃ አይወጡም ተባለ። ሰው አጨበጨበ። ለትርንጎ ወገብም እረፍት ነውና እማማም አጨበጨቡ። ቤታቸው ሲገቡ ግን አለቀሱ።

ማክሰኞ ፌስታላቸውን ይዘው፣ ደረጃው ላይ እያረፉ ወረዱ። ትርንጎ የቆሻሻው መኪና ላይ ቆማ ከታች የሚወረወርላትን ትቀበላለች። እማማ ተጣሩ፤ በሞተሩ ጩኸት አልሰማቻቸውም። ገንዳው እዚያው አጠገባቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ፌስታሉን እንደያዙ ተመልሰው ወጡ። ስጠፋባት ትመጣለች ብለው አሰቡ። ወጥ ቤት አስቀመጡት፣ ሌላም ጨመሩበት፣ ጠበቁ።

ትርንጎ አልመጣችም። ሽታው ግን በበሩ ሥር ወጥቶ ደረጃውን ያዘው። "ሴትዮዋን በቅርብ ያያት አለ?" ተባለ። ማንም አላያቸውም። ያኔ ሁሉም አንድ ነገር ጠረጠረ፣ ቃሉን ግን የተናገረው የለም። አቶ ነጋ ሁለት ጎረቤት አስከትለው፣ አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው አንኳኩ።

በሩ ወዲያው ተከፈተ። እማማ ሸምሲያ ንጹሕ ሻሻቸውን አስረው ቆመዋል።

"እማማ! አሉ እንዴ? እኛ እኮ ሽታው አስደንግጦን..." አሉ አቶ ነጋ።

"ብሞትም የምትመጡት እንዲሁ ነበር" አሉ እማማ፣ ያለ ቁጣ። "ዛሬ ግን በቁሜ መጣችሁልኝ። አፈር ስሆን፣ ግቡ።"

አቶ ነጋ መሐረቡን ከአፍንጫቸው አወረዱ። ጫማቸውን አወለቁ። ደፉን ሲሻገሩም ቀስ ብለው፣ "ቤት ለእምቦሳ" አሉ።

እማማ መልሱን ያውቁታል፤ ከገቡ ጀምሮ ለጎረቤት ብለው ያስቀመጡት ነው። "እምቦሳ እሰሩ" አሉና በሩን ወለል አድርገው ከፈቱላቸው።