የትጓደድን ጠላ ማን ጠላ?

ወይዘሮ ትጓደድ ባለፈው ሳምንት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ይህን መርዶ ለምታውቋቸው ሁሉ፣ ይልቁንም ፍኖተ ሰላም አውቶቡስ ማቆሚያ አጠገብ በነበረው ቤታቸው በልታችሁና ጠጥታችሁ ላለፋችሁ ሁሉ ስነግር ልቤ አዝኗል፤ አንገቴ ግን ቀና ብሏል። ለቀብራቸው ከቡሬ፣ ከደምበጫና ከሽንዲ የመጣው ሰው የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ሞልቶ እስከ መንገዱ ደርሶ ነበር። ሹፌሮች አስከሬኑ እስኪያልፍ ድረስ ሞተራቸውን አጥፍተው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ። ልጅ ያልወለዱ ሴት እንዲህ ባለ ሰው ብዛት ሲሸኙ አይቼ አላውቅም።

እኔ መምህር ነኝ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ ስመጣ ወንደላጤ ስለነበርኩ እሳቸው ዘንድ በኮንትራት እበላ ነበር። ስለዚህ የምጽፈው ሰው የነገረኝን ሳይሆን ራሴ የቀመስኩትን ነው።

እትዬ ትጓደድ የቡሬ ገጠር ልጅ ናቸው። በወጣትነታቸው ዓባይን ተሻግረው አዲስ አበባ ገቡና ፒያሳ በአንድ ትልቅ ሆቴል ወጥ ቤት ሆነው ብዙ ዓመት ሠሩ። ሲመለሱ አንድ ማሾ ፋኖስና ጥቂት ወንበሮች ይዘው መጡ፤ መንገደኛም እንደ ባለቤት ተቀምጦ መብላት አለበት የሚል የማይናወጥ ሐሳብም ይዘው መጡ። ሰሌዳ ልጻፍልዎት ብላቸው «ወጡ ይጥራቸው» አሉኝ።

ነገሩ ግን ቀላል አልነበረም። በዚያን ዘመን በአገራችን እህል ገዝቶ መብላት ነውር ነበር። ጨዋ ሰው ስንቁን ቋጥሮ ይወጣል፣ ዛፍ ሥር ይበላል፣ ሆቴል ሲገባ ከታየም ስሙ ይነሣል። አንድ ቀን ከፈረስ ቤት የመጡ ባልና ሚስት ከእትዬ ቤት አጥር ጀርባ ተደብቀው ድርቆሽ ሲበሉ አየን። ሴትዮዋ ታማ ወደ ሐኪም የሚወስዳትን አውቶቡስ እየጠበቁ ነበር። እኔ «ግቡ» ብዬ ልጠራቸው ስነሣ እትዬ እጄን ያዙኝ። «ተው መምህር፣ ስንቅ የሰው ክብር ነው፤ አይነካም» አሉና ትኩስ ሽሮ በድስቱ ይዘው ወጡ። አጠገባቸው ቁጭ ብለው «ድርቆሹ የናንተ፣ ወጡ የኔ፤ አብረን እንብላ፣ ብቻዬን መብላት አልወድም» አሏቸው። ሰውየው እንደመገደርደር ሲል እሳቸው ቀድመው ጎረሱ፤ ከዚያ ወዲያ እምቢ ማለት አልተቻለም። እነዚያ ባልና ሚስት ሲመለሱ በፊት ለፊቱ በር ገብተው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

አዲስ አበባ የሚሄድ ጎረምሳ ሁሉ የት እንደሚበላና የት እንደሚያመሽ የሚጠይቀው እሳቸውን ነበር። ምክራቸው አሁንም በጆሮዬ ነው። «ሹፌሮች ከሚበሉበት ግባ፤ ሹፌር በመጥፎ ወጥ ሁለቴ አይታለልም።» «ልኳንዳ ስትገባ ሥጋውን ሳይሆን ሰልፉን እይ።» «የፒያሳ መብራት አያስደንግጥህ፤ ለሁሉ ነው የሚበራው፣ አንተን ለይቶ አያውቅህም።» ጎረምሳው እያፈረ ስለ ውቤ በረሃ የጠየቃቸው እንደሆነ ግን ሳቅ ይሉና «ሙዚቃው ደስ ይላል፤ ስማ፣ ጨፍር። ስሙ በረሃ መሆኑን ግን አትርሳ፤ በረሃ ያለ ስንቅ አይገባም፣ ያንተ ስንቅ ደግሞ ልብህ ናት» ይሉታል።

የራሳቸው ቤትም ምሽት ያምርበት ነበር። አዝማሪው ማሲንቆውን ሲጀምር ሹፌሩም፣ ነጋዴውም፣ የመንግሥት ሠራተኛውም ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ስድብ የጀመረ ሰው ከፊቱ ያለው ብርሌ ያለ ቃል ይገለበጥበታል። ምነው ያለ እንደሆነ «የከተማችን ስም የሰላም መንገድ ነው፤ አንተ መንገድ ስተሃል» ይሉታል። ስንት ባለ ሽጉጥ ለዚያች የተገለበጠች ብርሌ ሲታዘዝ አይቻለሁ።

ይህን ሁሉ ያዩ ሰዎች ግን አንድ ነገር ይነፍጓቸው ነበር። የሚካኤል ማኅበር አባል ለመሆን በተደጋጋሚ ቢጠይቁም አልተፈቀደላቸውም። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው፣ ባላምባራስ ቸኮል ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ያመኑበትን ግን በጅራፍም አይለቁም። እኔ አዲስ አባል ሆኜ ስማቸውን ባነሣ «መምህር፣ ኮማሪ ጽዋ ታንሣ? ሚካኤል ምን ይለናል?» አሉኝ። ሌሎቹም ደጃፏን ረግጠን አናውቅም እያሉ ተራ በተራ ማሉ። ማታ ለእትዬ ስነግራቸው የምድጃውን እሳት ቆሰቆሱ። ከዚያ «ስሞት የሚያለቅስልኝ መንገደኛ ነው፤ መንገደኛ ደግሞ ያልፋል። ማኅበር ያለው ሰው ግን አገር አለው» አሉኝ።

ቀኑ የመጣው የጽዋው ተራ ባላምባራስ ቤት በደረሰ ጊዜ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ይታክቱ ማለዳ ጋኑን ቢከፍቱት ጠላው ሆምጥጧል። ካህናቱ ሊመጡ ነው፣ ዳቦው ተጋግሯል፣ ጠላ የለም። ጨነቃቸውና ከባላቸው ተደብቀው እትዬ ትጓደድ ዘንድ ሄዱ። እትዬ በሁለት ገንቦ ሞልተው ሰጡ። «ለሚካኤል ነው» አሉ። «ከየት መጣ ቢሉሽ ከጋን በይ፤ እውነት ነው።»

ጸሎቱ ደርሶ፣ ጽዋው ተባርኮ፣ ጠላው ተቀዳ። ደጃፏን አልረገጥኩም ብለው በሚካኤል የማሉት አያ ደምሴ አንዴ ጎንጨት አሉ፣ አጣጣሙና «እንዴ፣ የትጓደድ ጠላ እዚህ ደግሞ ምን አመጣው?» አሉ።

የንስሐ አባታችን መምሬ አድማሱ ዋንጫቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«አያ ደምሴ፣ በምን አወቅኸው?»

አያ ደምሴ ላብ አጠመቃቸው። አጠገባቸው ያሉት ሽማግሌ ሊረዷቸው ብለው «በጥንጁቱ ነዋ መምሬ፤ እሷ ጋኗን በወይራ ብቻ አይደለም የምታጥነው፣ ጥንጁት ትጨምርበታለች» አሉ። ሦስተኛው ደግሞ «ዳጉሳዋም የቡሬ ነው» አለ። የፊት ለፊቱን በር ያልረገጡት ሁሉ የጓሮውን በር አሳምረው ያውቁት ኖሯል። መምሬ ወደ ባላምባራስ ዞሩ፤ ባላምባራስ ዋንጫቸውን ጨርሰው መሬት መሬት ያያሉ። ያን ጊዜ መምሬ እንደ ቅኔ ዘራፊ ድምፃቸውን ጠርገው «እስቲ ንገሩኝ» አሉ፤ «የትጓደድን ጠላ ማን ጠላ?»

መጀመሪያ የሳቁት ባላምባራስ ናቸው። በሳቃቸው መካከል እንባቸው መጣ። ወይዘሮ ይታክቱ ከጓዳ ወጥተው የሆነውን ሲናገሩ ባላምባራስ «እኔን ከውርደት ያወጣችው የከለከልኳት ሴት ናት ማለት ነው» አሉና ጽዋውን ራሳቸው አንሥተው፣ በነጠላ ሸፍነው፣ ማኅበርተኛውን አስከትለው በጠራራ ፀሐይ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄዱ። የገቡት በፊት ለፊቱ በር ነው። እትዬ ወጥ እያማሰሉ ነበር። «እትዬ ትጓደድ፣ የሚመጣው ወር ተረኛ እርስዎ ነዎት» አሏቸው። እሳቸው ማማሰያውን እንደያዙ ተንበረከኩ። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ቀን የለም።

እትዬ፣ አባትዎ ትጓደድ ብለው ስም ሲያወጡልዎት ምን አይተው እንደነበር አላውቅም፤ እኛ ግን አይተናል። መብላትን ከነውር፣ ማምሸትን ከጠብ አውጥተው፣ አላፊ አግዳሚውን ወገን አድርገዋል። በዚህም ወር የጽዋው ተረኛ እርስዎ ነበሩ። በእጅዎ የጠነሰሱት ጠላ እርስዎ ሲሄዱ ደረሰ፤ ያግዙዎት የነበሩት ልጃገረዶች ጠለሉት፣ እኛም በስምዎ ጸልየን ተቀመጥን። መምሬም ባላምባራስም ቀድመውዎታልና በተራዎ ቀን ያችን ጥያቄ የሚጠይቅ ሽማግሌ እኔ ብቻ ቀርቼ ነበር። ተነሣሁና «የትጓደድን ጠላ ማን ጠላ?» አልኩ።

ሁሉም ዋንጫውን ዘረጋ፣ እትዬ።