ምድር ቤቱን የደፈኑት አቶ ገመዳ

አቶ ገመዳ በተሰደዱበት አገር፣ ሄሰልቢ በሚባል ሰፈር ያለውን ቤታቸውን የገዙት ገና አውቶቡስ ሲነዱ ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ እሳቸው ፎቅ፣ ተከራያቸው ሸዋሉል ደግሞ ምድር ቤት ይኖራሉ። ሸዋሉል አረጋውያንን የምትጦር፣ የጫማዋን በረዶ ደጅ አራግፋ የምትገባ ጭምት ሴት ናት። ባለቤታቸው በታመሙ ጊዜ ሳትጠየቅ ወጥታ ታጥባቸው፣ ታበጥራቸው ነበር።

ምድር ቤቱ ይበርዳል። መስኮቶቹ ከማርጀታቸው የተነሳ በክረምት መጋረጃው ብቻውን ይወዛወዛል። አቶ ገመዳ ለመቀየር ያላሰቡበት ዓመት የለም፤ የቤት እድሳቱ መመሪያ ግን አልጨበጥ አላቸው። መንግሥት ይደጉማል ይባላል፤ ሄደው ሲጠይቁ ቀርቷል ይሏቸዋል። ደግሞ አዲስ ሕግ እየመጣ ነው፣ ዛሬ የተገጠመው ነገ ላይበቃ ይችላል ይባላል። ልጃቸው ዲቦራ ከሶለንቱና ስትደውል «ቬንታ፣ ፓፓ» ትላቸዋለች፤ በአገሩ ቋንቋ ጠብቅ ማለቷ ነው።

«ስጠብቅ አረጀሁ እኮ» ይላሉ።

በጥቅምት ሸዋሉል ማጅራቷን በሻርፕ ጠምጥማ አንኳኳች።

«ጋሼ፣ ነፋሱ ጨረሰኝ። ሌላ ቤት ልፈልግ መሰለኝ።»

አቶ ገመዳ ክው አሉ። ያለ እሷ ያ ቤት ምን ሊሆን ነው?

«የት ትሄጃለሽ? ቆይ፣ እኔ እደፍነዋለሁ።»

ስፖንጅና ፕላስተር ይዘው ወረዱ። ነፋስ ይመታል እየተባለ ያደገ ሰው ቀዳዳ አይቶ አያልፍም፤ ከመስኮቱ በላይ ያለችውን ጠባብ የአየር መግቢያ ሳይቀር ጠረቀሟት።

«እዚችም ጋ፣ ጋሼ!» አለች ሸዋሉል። «አሁን ጉንዳን እንኳ ሳያስፈቅድ አይገባም።»

«ጉንዳኑም እንደኔ መመሪያ ይጠብቃላ!»

ቤቱ ሞቀ፤ ሸዋሉልም መሄዱን ተወችው። ገና ሲቃረብ ግን ማሳል ጀመረች። አንድ እሑድ አቶ ገመዳ ማሞቂያውን ሊያዩላት ወርደው አልጋዋን ሳብ ቢያደርጉት፣ ግድግዳው አልቦታል፤ ሻጋታው ከወለሉ እስከ ትራሷ ጠቁሯል። መተንፈሻ ያጣው ቤት በገዛ እንፋሎቱ ታፍኗል።

«ምነው ዝም አልሽኝ?»

«ደክመው የሠሩትን እንዴት ብዬ፣ ጋሼ?»

ወንበር ላይ ወጥተው ፕላስተሩን አንድ በአንድ ላጡት። ነፋሱ እንደ ቀድሞው ገባ። ቁጭ ብለው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና መስኮት ገጣሚው ጋ ደወሉ፤ ሰውየው ከፀደይ በፊት አይደርስም። ለዲቦራም ነገሯት።

«መመሪያውስ፣ ፓፓ?»

«ሲመጣ እዚህ ምድር ቤት ያገኘኛል።»

የሸዋሉልን ብርድ ልብስ አጣጥፈው አሸከሟት።

«ፎቅ ውጪ። እንደ እናትሽ የጦርሻት ሴትዮዬ ክፍል ባዶ ነው።»

«እርስዎስ?»

«እኔ እስከ ፀደይ እዚሁ ነኝ፤ ካፖርት አለኝ።»

ሸዋሉል እያሳለች ደረጃውን ወጣች። አቶ ገመዳ አልጋውን ከግድግዳው አራቁት፤ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ጋደም አሉ።