ድምፅ የሌላቸው እንደራሴ

በዘጠናዎቹ እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አክስቴ ደግሞ ከድንበሩ መንገድ ከኢስተርን አቬኑ ማዶ፣ ዋና ከተማዋ ዲሲ ውስጥ ነበርን። ማዶ ስል መኪና አሳልፎ መሻገር ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

አክስቴ ሲቲዝን የሆኑት ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ናይሮቢ በስደት የቀረውን ልጃቸውን ለማስመጣት። ፕሮሰሱ ግን አልንቀሳቀስ አለ። አንድ ቀን ታኮማ ፓርክ ለቅሶ ቤት አጠገባቸው የተቀመጠ ሰውዬ፣ «ሴናተርዎ ለኢሚግሬሽን ቢጽፉልዎ ነገሩ ይፈጥናል» አላቸው። ወዲያው ኮል አደረጉኝ።

«የእኔ ሴናተር ማነው? ስልኩን ፈልግልኝ።»

«እትዬ፣ እርስዎ እኮ ሴናተር የለዎትም።»

«እንዴት? አንተስ?»

«እኔ ሁለት አሉኝ።»

ላጽናናቸው ብዬ፣ «ኮንግረስ ውስጥ ግን እንደራሴ አለዎት፤ ድምፅ የላቸውም እንጂ» አልኩ። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

«ውይ በሞትኩት! ጉሮሯቸውን አሟቸው ነው?»

ሳቄ አመለጠኝ። «ኧረ ደህና ናቸው፤ ይናገራሉ። ሕግ ሲወጣ ነው ድምፅ የማይሰጡት።»

«ከተናገሩማ ድምፅ አላቸው! አንተ ልጅ፣ ታሾፍብኛለህ?»

ማስረዳት ጀመርኩ። ሴናተር ያለው ስቴት የሆነ ግዛት ብቻ ነው፣ ዲሲ ስቴት አይደለችም፣ ስቴት ትሁን የሚሉ አሉ፣ ታክሱን ግን ሰዉ እንደ ሁላችን ይከፍላል። ባስረዳሁ ቁጥር ነገሩ ለራሴ ጠፋኝ። ምክር ቤቱ እዚያው እሳቸው ከተማ ተቀምጦ፣ እኔ መንገድ ስለተሻገርኩ ብቻ የምበልጣቸው በምን ሒሳብ ነው? እግዜር ያሳያችሁ፣ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

በጣም ተናደድኩ። ቅዳሜ ቤታቸው ሄጄ፣ «በቃ እኔ ጋ ይግቡ፤ እዚያ ሴናተር ሞልቷል» አልኳቸው። ከልቤ ነበር፤ አንዱን መኝታ ቤት አጽድቼላቸዋለሁ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ቤቱን የወደዱት መስሎኝ፣ «ምን አለው ይኼ አፓርትመንት? ሂተሩ እንኳ አይሠራም!» ብዬ ጮህኩ።

«ልጄ የሚያውቀው አድራሻ ይኼ ነው» አሉ። «ናይሮቢ ሳይገባ ከካምፕ ካምፕ ሲያዘዋውሩት ስልክ ቁጥሬ ጠፍቶበታል፤ እሱ ካልጻፈልኝ የት እንዳለ አላውቅም። ይቺን አድራሻ ብቻ ነው በቃሉ የያዛት። ጽፎ መልስ ቢያጣ፣ እናቴ ሞተች አይልም?»

«ፖስታ ቤቱ ደብዳቤውን ወደ እኔ ቤት ያዞርልዎታል እኮ።»

«የዚህን አገር ነገር አንተም አታውቀውም» አሉኝ። «ሴናተሩ ይቅርብኝ፤ ልጄ እንዳይቀርብኝ።»